የሕግና የዜግነት ትምህርት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የብራስልስ ሕግ በቦንጋ

ክበባችን ዘንድሮ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንዴት እንደሚወጣና እንዴት በሥራ ላይ እንደሚውል ሊያጠና መወሰኑ ሲሰማ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል «ለቦንጋ ልጅ የአውሮፓ ሕግ ምን ይሠራለታል?» ያሉ ባልደረቦች ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ዘገባዬን በመልሱ እጀምራለሁ። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ ሰባት ምርቶችን ይቆጣጠራል፤ ከካካዎ፣ ከቀንድ ከብት፣ ከዘንባባ ዘይት፣ ከጎማ፣ ከአኩሪ አተርና ከእንጨት ጋር ቡናም ተዘርዝሯል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ መግባት አይፈቀድለትም፤ ያልተመነጠረበት መሆኑን ለማሳየትም ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ ነጥብ መመዝገብ አለበት። ከተማሪዎቻችን መካከል የደብተርና የጫማ ወጪያቸው ከቡና ሽያጭ የሚሸፈን ስንት እንደሆኑ ይህን መጽሔት የሚያነብ ወላጅ ከእኔ የተሻለ ያውቃል። ርዕሱን የመረጥነው ባሕር ማዶ ናፍቆን አይደለም።

የመሥራች ስብሰባው፣ የአባላት ምዝገባውና የሥራ አስፈጻሚ ምርጫው በጥቅምት ወር በሰላም ተከናውኗል። በየሳምንቱ ዓርብ የተደረጉት ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ በክበቡ መዝገብ ስለሚገኝ እዚህ አልዘረዝረውም።

ዋናው ሥራችን የኅብረቱን የሕግ አወጣጥ በክፍል ውስጥ በተግባር ማሳየት ነበር። ሕጉ ከሦስት ተቋማት እጅ ስለሚያልፍ ተማሪዎቹን በሦስት ከፈልናቸው። ረቂቅ የማቅረብ ሥልጣን በአብዛኛው የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው የኮሚሽኑ ብቻ ነው፤ በሕዝብ በቀጥታ የተመረጠውና 720 አባላት ያሉት ፓርላማ ኮሚሽኑን ረቂቅ እንዲያዘጋጅ ሊጠይቅ ይችላል እንጂ ራሱ አርቅቆ ማቅረብ አይችልም። የፓርላማውን ሚና የያዙት ልጆች ይህን ሲሰሙ በጣም ተቆጡ። «ቲቸር፣ ታዲያ ለምን ተመረጥን?» ያለኝን ልጅ፣ በእኛም አገር አብዛኛው ረቂቅ አዋጅ ከአስፈጻሚው አካል ተዘጋጅቶ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሚሄድ፣ የምክር ቤት ጉልበትም በማሻሻል፣ በመጠየቅና በመጣል እንደሚለካ አስረድቼዋለሁ። ሙሉ በሙሉ ያመነኝ ግን አይመስለኝም፤ አለማመኑንም አልጠላሁትም።

ሦስተኛው ተቋም የአባል አገራት ሚኒስትሮች የሚቀመጡበት ምክር ቤት ሲሆን፣ ከፍተኛ ደስታም ከፍተኛ ራስ ምታትም ያተረፍነው ከእርሱ ነው። በዚያ አንድ ረቂቅ እንዲያልፍ ከ27ቱ አገራት ቢያንስ 15ቱ መደገፍ አለባቸው፤ ደጋፊዎቹ አገራትም ከኅብረቱ ሕዝብ ቢያንስ 65 በመቶውን የሚወክሉ መሆን ይኖርባቸዋል። ይህን በቁጥር ብቻ ስናስተምር ልጆቹ ያንቀላፉ ስለነበር፣ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ጀንፈል ቡና ቆጥረን ለየአገሩ «ሚኒስትር» አደልን። ጀርመን 83፣ ፈረንሳይ 68፣ ጣሊያን 59 ያህል ሲደርሳቸው፣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ላላት ማልታ አንዱን ጀንፈል ፈልፍለን ግማሹን ሰጠናት። ሦስቱ ታላላቆች ፍሬያቸውን በአንድ ሣህን አጠራቅመው «እኛ ካልፈለግን ምንም አያልፍም» ብለው ሲዝናኑ፣ ረቂቅ ለማገድ ከሕዝቡ ከ35 በመቶ በላይ መያዝ ብቻ እንደማይበቃና ቢያንስ አራት አገራት መተባበር እንዳለባቸው ከድምፅ አሰጣጡ ሕግ ተነበበላቸው። ያን ጊዜ ትናንሾቹ አገራት ያሰሙት ጭብጨባ ርእሰ መምህሩን ከቢሮአቸው አውጥቷቸዋል። ድምፀ ተአቅቦ በውጤቱ ከተቃውሞ የማይለይ መሆኑንም ልጆቹ የተረዱት፣ ሁለት «ሚኒስትሮች» ማንንም ላለማስቀየም ዝም ብለው ረቂቁን ከጣሉ በኋላ ነው።

ፓርላማውና ምክር ቤቱ በየፊናቸው ያሻሻሉትን ረቂቅ አንድ ካላደረጉት ሕግ አይወጣም። ብዙውን ጊዜ ስምምነቱ የሚገኘው የሁለቱ ተወካዮች ከኮሚሽኑ ጋር በዝግ በሚያደርጉት የሦስትዮሽ ድርድር ነው። የቡናው ደንብም በዚሁ መንገድ አልፏል፤ ኮሚሽኑ በኖቬምበር 2021 አቀረበው፣ ተደራዳሪዎቹ በዲሴምበር 2022 ተስማሙ፣ ፓርላማው በኤፕሪል 2023 በ552 ድጋፍ፣ በ44 ተቃውሞና በ43 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀው፣ ምክር ቤቱም በግንቦት ተከተለ። ልጆቹ ይህን የዘመን ቅደም ተከተል በትልቅ ወረቀት ጽፈው በግድግዳ ላይ ከለጠፉ በኋላ፣ ሕጉ በዓይናቸው ፊት መለወጥ ጀመረ። ትላልቅ ድርጅቶችን ከዲሴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ ሊያስገድድ የነበረው ደንብ በአንድ ዓመት እንዲራዘም ኮሚሽኑ በመስከረም ወር ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ፓርላማው ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰጠው ድምፅ መራዘሙን ተቀብሎ፣ «ምንም ሥጋት የሌለባቸው» የሚባሉ አገራት በቀላሉ የሚስተናገዱበትን አዲስ መደብ ጨመረበት። የእኛዎቹ የፓርላማ አባላት በሚቀጥለው ዓርብ እንደ አሸናፊ ገቡ። ነገር ግን ምክር ቤቱ አዲሱን መደብ አልተቀበለም፤ በዲሴምበር መጀመሪያ በተደረገው ድርድርም ተጨማሪው ወድቆ መራዘሙ ብቻ ቀረ። የመጨረሻው ጽሑፍ በኅብረቱ ይፋዊ ጋዜጣ ላይ የወጣው ቀነ ገደቡ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር፤ የእኛ ነጋሪት ጋዜጣ የሚሠራውን ሥራ እዚያ የሚሠራው እርሱ ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ ባስተምር ይህን ያህል አላሳያቸውም ነበር።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ወደ አፈጻጸሙ ተሻገርን። የኅብረቱ ደንብ በአባል አገራት ሁሉ በቀጥታ ይሠራል፤ መመሪያ የሚባለው ሌላው የሕግ ዓይነት ግን ሊደረስበት የሚገባውን ግብ ብቻ አስቀምጦ መንገዱን ለየአገሩ ሕግ አውጪ ይተወዋል። በቀጥታ የሚሠራውንም ቢሆን በወደብና በመጋዘን ቆመው የሚያስፈጽሙት የየአገሩ ባለሥልጣናት ናቸው እንጂ ብራስልስ የራሷን ተቆጣጣሪ አትልክም። የቡናው ደንብ እንደየአምራቹ አገር የሥጋት ደረጃ ከአስመጪዎች 1፣ 3 ወይም 9 በመቶው እንዲመረመሩ ያዛል፤ በጥፋተኛ ድርጅት ላይ የሚጣለው የገንዘብ ቅጣት ጣሪያም በኅብረቱ ውስጥ ካለው ዓመታዊ ሽያጭ ከ4 በመቶ ማነስ የለበትም። ግዴታውን የማይወጣ አባል አገር ቢኖር ኮሚሽኑ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሉክሰምበርግ ባለው ፍርድ ቤት ሊከሰው ይችላል።

ፍርድ ቤቱን በሚመለከት ልጆቹ ሁለት ዝነኛ ጉዳዮችን በችሎት መልክ አሳይተዋል። በመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ የሆላንድ የትራንስፖርት ድርጅት ከጀርመን ባስገባው ዕቃ ላይ የተጨመረበትን ቀረጥ ተቃውሞ፣ አንድ ግለሰብ ወይም ድርጅት የማኅበሩን (ኅብረቱ ያኔ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበር ይባል ነበር) ውል ጠቅሶ በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት መብቱን መጠየቅ እንደሚችል ተፈርዷል። በሁለተኛው፣ በ1964፣ አንድ ጣሊያናዊ ጠበቃ የኤሌክትሪክ ዘርፉ ለመንግሥት መወረሱን በመቃወም ትንሽ የመብራት ሂሳብ አልከፍልም ብሎ ያስነሣው ክርክር፣ የማኅበሩ ሕግ ከአገር ሕግ በላይ ነው ወደሚለው ፍርድ አድርሷል። ጠበቃው በተከራከረበት የገንዘብ መጠንና ፍርዱ ባስከተለው ለውጥ መካከል ያለው ርቀት ልጆቹን እጅግ አስቋቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በየካቲት ወር ቅዳሜ ቀን ያደረግነውን የማሳ ጉብኝት ለአንባቢ በስፋት ልነግር እወዳለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የአንድ ተማሪያችን አያት የቡና ማሳ አላቸው፤ ሄደን የመገኛ ነጥቡን ራሳችን በስልክ ለመለካት ወሰንን። ደንቡ ከአራት ሄክታር ለሚያንስ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል ቢልም፣ የኬክሮሱና የኬንትሮሱ ቁጥር ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ እንዲኖረው ይጠይቃል። ከዋንዛውና ከብሳናው ጥላ ሥር ቆመው አምስት ልጆች በአምስት ስልክ ሲለኩ አምስት ልዩ ልዩ ቁጥር ወጣ። ቁጥሩን በካርታ ላይ ስናስቀምጠው አንደኛው ነጥብ ከወንዙ ማዶ ከጎረቤት ማሳ ላይ አረፈ። ወደ ሜዳው ወጥተን ደግመን ስንለካ ተቀራረበ፤ ቡናው ያለው ግን ከጥላው ሥር እንጂ በሜዳው ላይ አይደለም።

ሽማግሌው ሥራችንን በትዕግሥት ሲመለከቱ ቆይተው፣ ሕጉ ጫካ የሚለው ምን ዓይነቱን እንደሆነ ጠየቁን። ልጆቹ ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ፣ ዛፎቹ ከአምስት ሜትር በላይ የሆኑና ጥላቸው ከመሬቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍን ብለው በቃላቸው ወጡት። ሽማግሌው ቀና ብለው ዛፎቻቸውን ተመለከቱና፣ «እንግዲያው ይሄ ጫካ ነዋ! ቡናዬስ የት ሊሄድ ነው?» አሉ። ልጆቹ ዝም አሉ። እኔም ልመልስ አፌን ስከፍት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች፣ ዓመቱን ሙሉ የማልታን ግማሽ ጀንፈል ይዛ ከመጨረሻው ወንበር ድምፅ ሳታሰማ የምትቀመጥ ልጅ ቀደመችኝ። «አባባ፣ ልናገር?» ብላ ፈቃድ ጠየቀችና በካፊ ኖኖ ማስረዳት ጀመረች።

እኔ ለቋንቋው እንግዳ በመሆኔ የያዝኩት «ብራስልስ»ን፣ «ኮሚሽን»ንና ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ነው። በኋላ ጓደኞቿ እንደተረጎሙልኝ፣ በዋነኛነት ለእርሻ የሚውል መሬት በሕጉ ከደን ትርጉም ውጭ መሆኑን፣ ከጥላ ዛፍ ሥር የተተከለ ቡናም በዚሁ እንደሚታይ፣ ጥንቱን ያልተነካውን ደን ከ2020 በኋላ መንጥሮ ቡና መትከል ግን እንደማይቻል ለይታ ነግራቸዋለች። ሕጉ በቀጥታ የሚያስገድደው አስመጪውን እንጂ ገበሬውን አለመሆኑን፣ አስመጪው ግን ቅጣቱን ስለሚፈራ ነጥቡ ያልታወቀውን ቡና ላይገዛ እንደሚችልም አልደበቀቻቸውም። ሽማግሌው ይህ ሲመከር ማን ተጠየቀ ብለው ቢጠይቋት፣ ኮሚሽኑ በ2020 አስተያየት ሲሰበስብ ለማንም ክፍት እንደነበረና ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጋ ምላሽ እንደደረሰው መለሰችላቸው። «ከዚህስ ማን ጻፈ?» አሉ። «አላውቅም፤ በሚቀጥለው ጊዜ እኛ እንጽፋለን» አለቻቸው። መኪናው ውስጥ ስንገባ ልጅቱ እንደገና ዝም ብላ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ የመማር ውጤት ምን እንደሚመስል እንዲህ ቁልጭ ብሎ የታየኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ከጉብኝቱ በኋላ ተማሪዎቹ ደንቡን በአንድ ገጽ በአማርኛና በካፊ ኖኖ አዘጋጅተው ለቀበሌው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሰጥተዋል፤ በማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ተለጥፏል። ማሳ መመዝገብ የባለሙያና የመንግሥት ሥራ መሆኑን እናውቃለን፤ የእኛ ድርሻ ምዝገባው ለምን እንደመጣ ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ ማስረዳት ነው።

ያልተሳኩ ሥራዎችም አሉ። በአዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትን ጽሕፈት ቤት ለመጎብኘት ያቀድነው ጉዞ በትራንስፖርት ወጪ ምክንያት ተሰርዟል። የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን ለአገር አቀፍ ፈተና ሲዘጋጁ ተለይተውናል። የኢንተርኔት ወጪውን ከግማሽ በላይ የሸፈኑት ተማሪዎች ከኪሳቸው ነው፤ አንድ ገጽ ለማባዛትም ከተማ ወርደን ከፍለናል። ለእግር ኳስ ቡድናችን አዲስ ማልያ መገዛቱ ያስደስተናል፣ ጨዋታውንም ሄደን ደግፈናል፤ ሆኖም የአንዱ ማልያ ዋጋ ለክበባችን የወር ወረቀት ይበቃ እንደነበር ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም።

በ2018 ዓ.ም. ፊታችንን ወደ ራሳችን አህጉር ለማዞር አስበናል። 55 አባላት ያሉት የአፍሪካ ኅብረት ሕግ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ መሪዎች የሚቀበሉትን ስምምነት እያንዳንዱ አገር በየራሱ ያጸድቀዋል፣ በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረትም ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል። ደቡብ አፍሪካ፣ ሚድራንድ ያለው የመላው አፍሪካ ፓርላማ ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዲያገኝ መሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ማላቦ ላይ የተቀበሉት ፕሮቶኮል የሚያስፈልገውን የ28 አገራት ማጽደቂያ ገና አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2019 ተፈጻሚ የሆነው የአህጉሩ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት ደግሞ ለቡናችን ሌላ ገበያ ሊሆን ስለሚችል የሚቀጥለው ዓመት ርዕሳችን እርሱ ነው።

ለዚህም የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ለአዲስ አበባ ጉዞ የአንድ መኪና ኪራይና ነዳጅ፣ አሮጌም ቢሆን የሚሠራ ማተሚያ፣ ለስድስት ወር የኢንተርኔት ክፍያ፣ እንዲሁም ስለ ቡና ምዝገባና ወደ ውጭ አላላክ ለልጆቹ ሊያስረዳ የሚችል ከወላጆች መካከል አንድ ባለሙያ። መርዳት የሚፈልጉ የወላጅ መምህር ኅብረት አባላትና የቀድሞ ተማሪዎች ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ጎን ባለው ክፍል ያገኙናል፤ የዓመቱን የወጪ ዝርዝርም እዚያው ማየት ይችላሉ።