ጠርሙሱን አትጣሉት

ውድ አዘጋጅ፣

የሰሃን ማጠቢያ ስፕሬይ ባለቀ ቁጥር አዲስ መግዛት ሰልችቶኛል። እውነቱን ለመናገር፣ የምንከፍለው በአብዛኛው ለውሃና ለጠርሙሱ ነው። እኔ አሁን ባዶውን ጠርሙስ አጥቤ 350 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የ70 በመቶ አልኮልና 3 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የሰሃን ሳሙና እጨምርበታለሁ። ሳሙናው መጨረሻ ላይ ይግባ፤ አለበለዚያ ገና ሳትረጩት ጠርሙሱ በአረፋ ይሞላል (ደርሶብኛል)። አልኮሉ ቅባቱን ለማላቀቅ ያግዛል፣ ግን በቀላሉ በእሳት ስለሚያያዝ ከምድጃ አርቁት። በረኪና ደግሞ በፍጹም እንዳትጨምሩ! ከአልኮልም ሆነ ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ መርዝ ይፈጥራል፣ ከኮምጣጤ ጋርማ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። ያረረ ድስት ላይ ግን የኔ ስፕሬይ ብዙም አይረዳም። እሱን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት።

አንባቢያችሁ