ለአዲሱ ካሜራ ከመክፈላችሁ በፊት የአዳራሹን መብራት አሳዩት

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፤

ጋዜጦቻችን ስለ አዲስ ካሜራ ሲጽፉ ሜጋፒክሰሉንና ዋጋውን ነግረውን ያልፋሉ። ገዢውም ይህንኑ ይዞ ሱቅ ይገባል፤ የሻጩን ፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ያነሳል፣ በስክሪኑ አየት ያደርጋል፣ የዓመታት ቁጠባውን ከፍሎ ይወጣል። ጉዱ የሚታየው በመጀመሪያው ሰርግ ማታ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሙሽሮቹን ወጥታችሁ እንደገና ግቡ ማለት አይቻልም።

እኛ በፎቶ ማንሳትና በካሜራ ጥገና የምንተዳደር ሰዎች ነን። ከፍተኛ ዋጋ የሚጠየቅበት ፉል ፍሬም ሚረርለስ ካሜራ (ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር ሰፊ የሆነ፣ ውስጡ መስታወት የሌለው) እንዴት መሞከር እንዳለበት አንባቢዎቻችሁ በዝርዝር ቢያውቁት ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ምሳሌ የምናደርገው በግንቦት 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን ኒኮን ዜድ8 ነው። 45.7 ሜጋፒክሰል አለው፤ ከባትሪውና ከሜሞሪ ካርዱ ጋር 910 ግራም ይመዝናል። እጅግ ጥሩ ካሜራ ነው። ጥሩነቱ ግን የሚወጣው አመሉን ለሚያውቅ ሰው ነው።

ከሁሉ በፊት መብራቱን እንይ። ዜድ8 ሴንሰሩ ፊት የሚከፈትና የሚዘጋ መጋረጃ (ሹተር) የለውም፤ ሴንሰሩ ራሱ ምስሉን መስመር በመስመር አንብቦ ይጨርሳል። ንባቡ ወደ 1/270 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ማለትም 3.7 ሚሊሰከንድ ገደማ። አገራችን የምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ 100 ጊዜ ይፈዛል። ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራው ግን ያየዋል። አንዱ ዙር 10 ሚሊሰከንድ ነውና በ1/1000 ሰከንድ ሲያነሱ ካሜራው ከዙሩ ከግማሽ ያነሰውን ብቻ ይቆርጣል። ስለዚህ በተከታታይ ከተነሱት ፎቶዎች አንዱ ደማቅ፣ ቀጣዩ ፈዛዛ ይወጣል፤ ወይም የሙሽራዋ ራስ በርቶ ቀሚሷ ወደ ታች እየጠቆረ ይሄዳል። ሴንሰራቸው ቀስ ብሎ የሚያነብ ካሜራዎች ላይ ነገሩ ይብሳል። ድምፅ አልባው ሹተር ምስሉን ለማንበብ 1/15 ሰከንድ የሚፈጅበት ካሜራ በአንድ ፎቶ ውስጥ ከስድስት በላይ ዙር ያስተናግዳል፤ ነጩ ቬሎ ላይ ስድስት ሰባት ጥቁር መስመር አግድም ተሰምሮ ይገኛል። ይህን ኤዲት አድርጎ ማውጣት ከባድ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይወጣም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ማድረግ። 1/100 በትክክል አንድ ዙር ስለሆነ እያንዳንዱ መስመር እኩል ብርሃን ያገኛል። ሰው የሚጨፍርበት ሰዓት ላይ 1/100 አይበቃም ከተባለ የፎቶ ሜኑው ውስጥ ያለውን የመብራት ብልጭታ መቀነሻ ማብራት ነው፤ ካሜራው መብራቱ የሚደምቅበትን ቅጽበት ጠብቆ ያነሳል። ከመድረኩ ጀርባ የሚቆመው ትልቁ የኤልኢዲ ስክሪን ግን ለዚህ አይታዘዝም። እሱ የሚበራውና የሚጠፋው እጅግ በፈጠነ ምት ስለሆነ ቀጫጭን መስመሮች ያወጣል። ለዚህ ዜድ8 ሌላ ማስተካከያ አለው፦ ሹተሩን በእጅ መምረጥ በሚቻልባቸው በኤም ወይም በኤስ አሠራር ላይ ሆነው ጊዜውን በጥቃቅን እርከን ከፍ ዝቅ እያደረጉ መስመሩ ከስክሪኑ ሲጠፋ ማቆም ነው። አሜሪካ ወይም ሳዑዲ ዓረቢያ ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ ያላችሁበት ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ መሆኑን አትርሱ፤ የእናንተ ቁጥር 1/60 ወይም 1/125 ነው። ከዚያ የመጣ ካሜራ ቪዲዮው በሰከንድ በ30 ወይም በ60 ፍሬም (ምስል) ተስተካክሎ ከሆነ እዚህ በ25 ወይም በ50 ሳይቀየር ሥራ አይጀመርበት።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ ይሞክሩት። ኤም ላይ ያድርጉ፣ ሹተሩ 1/1000፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) በእጅ የተቆለፈ። በኤልኢዲ የበራ ነጭ ግድግዳ ላይ ሃያ ፎቶ በተከታታይ ያንሱና አንድ በአንድ እያገላበጡ ብርሃኑንና ቀለሙን ያወዳድሩ። ከዚያ በ1/100 ይድገሙት። ልዩነቱን ሻጩም ሆነ ገዢው በዓይናቸው ያዩታል። ቢቻል ግን ካሜራውን ለአንድ ቀን ተከራይቶ ሥራው ወደሚበዛበት አዳራሽ ይዞ መሄድ የሚስተካከለው የለም። (ሶኒ በ2016 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው አልፋ 9 ሦስተኛው ሁሉንም መስመር በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ መስመር አያወጣም፤ ሆኖም በዝቅተኛ አይኤስኦው በኩል 250 ላይ ይጀምራል፣ ፎቶ ከፎቶ የብርሃን መለያየቱም ጨርሶ አይቀርለትም።)

ቀጥሎ ልብስ። ዜድ8 ጥርት ያለ ምስል እንዲሰጥ ሲባል ሴንሰሩ ፊት የሚደረገው ማለስለሻ ማጣሪያ ተትቷል። ለፊት ቆዳና ለዓይን ሽፋሽፍት ይህ በረከት ነው። ለነጠላና ለጥለት ግን ጣጣ አለው። ክሩ እየጠበቀ የተሸመነ ጨርቅ በተወሰነ ርቀት ላይ ከሴንሰሩ ነጥቦች ጋር ሲጋጭ ነጩ ጨርቅ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ሞገድ ይፈጠራል፣ ውኃ ላይ የፈሰሰ ዘይት ይመስላል። በካሜራው ስክሪን ሲያዩት ግን አይቸኩሉ፤ ምስሉ አንሶ ስለሚታይ ብቻ የሌለ ሞገድ ሊያሳይ ይችላል። 100 በመቶ አስፍተው ይዩት፤ እዚያም ካለ እውነተኛ ነው። አንድ እርምጃ ቀረብ ወይም ራቅ ማለት፣ ወይም የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 11 ማጥበብ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል) ብዙውን ጊዜ ያጠፋዋል።

ነጩ ልብስ ሌላም ፈተና ያመጣል። ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ በእኩለ ቀን ፀሐይ የቆመ ሰው ነጠላው ያበራል፣ ፊቱ ደግሞ በጃንጥላው ጥላ ሥር ነው። ፊቱን አይተው ብርሃን ከጨመሩ ነጠላው ይቃጠላል፣ ክሩም ጥለቱም አይመለስም። የዜድ8 ጥንካሬ እዚህ ነው፦ በአይኤስኦ 64፣ በራው (ካሜራው ባላቀናበረው ፋይል)፣ ለደማቁ ቦታ በሚያደላው የብርሃን ልኬት አንስቶ ፊቱን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማውጣት ይቻላል። ስክሪኑ ላይ የሚብለጨለጨው የተቃጠለ ቦታ ማሳያ የሚሠራው በጄፔጉ (ካሜራው አቀናብሮ ባመቀው ምስል) ስለሆነ ራው ከሚያሳየው ትንሽ አልፎ ይሸከማል። ለሙከራ ነጠላ የለበሰ ሰው ሱቁ በር ላይ አቁመው ያንሱና ፋይሉን ቤት ወስደው ፊቱን ያብሩት። ጥላው ውስጥ ያለው ቆዳ ሻካራ ነጥብ ሳያወጣ ምን ያህል እንደሚበራ ያኔ ይታወቃል።

ፎከሱን በተመለከተ አንድ ፈተና ይበቃል። ሰውየው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ነጠላው የፊቱን ጫፍ ሸፍኖት፣ ወደ እርስዎ አሥር እርምጃ ይራመድ። ሌንሱን በኤፍ 1.8 ከፍተው በሰከንድ 20 ያንሱና ስንቱ ላይ ሽፋሽፍቱ ጥርት እንዳለ ይቁጠሩ። ከኋላ ባለው ሰው ላይ እየዘለለ ካስቸገረ ሰፊውን የፎከስ ክልል ትተው ጠባቡን ይምረጡ።

ሜሞሪው ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። አንዱ የካርድ ማስገቢያ ፈጣኑን ሲኤፍ ኤክስፕረስ ዓይነት ቢ፣ ሌላው ቀርፋፋውን ኤስዲ የሚቀበል ነው። ለመጠባበቂያ ብለው ሁለቱም ላይ እንዲጽፍ ካደረጉት ፍጥነቱ ወደ ኤስዲው ይወርዳል፤ ካሜራው የቆመው ተበላሽቶ ሳይሆን ኤስዲውን እየጠበቀ ነው። መጠኑንም አስቀድመው ያስሉ፦ ሳይጎድል የታመቀው ራው አንዱ ወደ 50 ሜጋባይት ስለሆነ 3000 ፎቶ ያለው ሰርግ ወደ 150 ጊጋባይት ይሆናል። ቀለል ያለው የራው ዓይነት ከዚያ ከግማሽ በታች ነው፤ አሮጌ የኤዲቲንግ ፕሮግራም ግን ላይከፍተው ስለሚችል በራስዎ ኮምፒውተር ሳይሞክሩት አይመኑት።

ባትሪው በፋብሪካው መለኪያ 340 ፎቶ ገደማ ነው። በጎኑ ሁለት የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዱ ለኃይል፣ ሌላው ለፋይል። መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንክ ሰክተው ካልሞላ መጀመሪያ ቀዳዳውን ይዩ፣ ቀጥሎ ፓወር ባንኩ ፒዲ የሚባለውን አሞላል የሚደግፍ መሆኑን።

የድሮ የኒኮን ሌንስ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ። በኤፍቲዜድ 2 አስማሚ ይገጠማል፤ እንደ 50 ሚሊሜትር 1.8 ዲ ያሉት ግን ፎከሳቸውን የሚያዞረው ሞተር የነበረው በድሮው ካሜራ ሰውነት ውስጥ ስለሆነ እዚህ በእጅ ብቻ ይዞራሉ።

ያገለገለ ለምትገዙ፦ ሹተር ስለሌለው «ትንሽ ነው የተነሳበት» የሚለው ቁጥር የድሮውን ያህል አይነግራችሁም። ሴንሰሩን ግን ፈትሹ፤ በጭፈራ ቤትና በአዳራሽ የሚረጨው ሌዘር ሴንሰርን ያቃጥላል። ነጭ ግድግዳ ላይ ምስሉ ብዥ እንዲል ፎከሱን አዛብታችሁ በኤፍ 16፣ በአይኤስኦ 64 አንሱ። ብዥ ያለ ክብ ነጥብ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ጠርዙ የጠራ ቀጥ ያለ መስመር ወይም ባለቀለም ነጥብ ካያችሁ ግን የማይጸዳ ቃጠሎ ነው። ኒኮን ራሱ ዜድ8 በወጣ በወራት ውስጥ፣ ሌንስ በደንብ የማይገጥምባቸውና የማንጠልጠያ ቀለበታቸው የሚላላ አንዳንድ ካሜራዎች መኖራቸውን አስታውቆ በነጻ አስተካክሏል፤ ስለዚህ መለያ ቁጥሩን በድረ ገጹ ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

ሻጮቻችንን የምንለምነው የተሞላ ባትሪና አንድ ፈጣን ካርድ ሱቅ ውስጥ እንዲያስቀምጡ፣ ደንበኛውም ያነሳውን ፋይል ይዞ እንዲወጣ እንዲፈቅዱ ነው። ጋዜጣችሁም በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አዲስ ካሜራ ሲጽፍ ፋብሪካው የላከውን ምስል ትቶ በአንድ አዳራሽ መብራት ሥር በ1/1000 እና በ1/100 የተነሱ ሁለት ፎቶዎችን ጎን ለጎን ቢያትምልን እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር
ፎቶ አንሺዎችና የካሜራ ጥገና ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ