የአንሺው ስም ከፎቶግራፉ ጋር ይታተም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በስፖርት ገጻችሁ ላይ የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ መታሰቢያ አድርጋችሁ ያወጣችሁትን አሮጌ ፎቶግራፍ ደጋግሜ ተመለከትሁት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ካሸነፈ በኋላ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ዋንጫውን ሲቀበል ያሳያል። ቀኑና ውጤቱ፣ የተጫዋቾቹም ስም ከሥሩ በትክክል ሰፍሯል። የአንሺው ስም ሊቀመጥ በሚገባው ቦታ የተጻፈው ግን «ፎቶ፡ ከማኅደር» የሚል ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ እሱ ነው።

እኔ ፒያሳ በነበረ አንድ ፎቶ ቤት ለ27 ዓመት በጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ሳጥብ ኖሬ፣ ዛሬ በጡረታ ለገጣፎ ዳር የምኖር ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዋሽንግተን የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ሙያዬን ስለሚያውቅ ቤዝቦል የሚባለው የአሜሪካውያን የዱላና የኳስ ጨዋታ የጥንት ፎቶግራፎች አንድ ፖስታ ሙሉ አመጣልኝ። ጨዋታውን በሜዳ ተገኝቼ አይቼው አላውቅም፤ ያስደነቀኝ የአንሺዎቹ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ በእሱ በኩል ዋናዎቹንም ቅጂዎቹንም ጥቂት በጥቂት እየሰበሰብሁ፣ ስለ አንሺዎቹም የተጻፈውን እያነበብሁ ቆይቻለሁ። ለናንተ የምነግራችሁ ከዚያ የተማርሁትን ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ቻርልስ ኮንሎንን ነው። ኮንሎን የኒውዮርክ ጋዜጣ ጽሑፍ አራሚ ነበር፤ ፎቶ ማንሣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1904 ገደማ በዕረፍት ሰዓቱ ሲሆን፣ እስከ 1942 ድረስ ካሜራውን ተሸክሞ ወደ ሜዳ መውጣቱን አላቋረጠም። ታይ ኮብ የተባለው የዲትሮይት ተጫዋች ወደ ሦስተኛው ቤዝ፣ ማለት ሯጩ ሊደርስበት ወደሚገባው የሜዳ ምልክት፣ ተንሸራትቶ ሲገባ በ1910 ገደማ ያነሣው ፎቶግራፍ በዚያ ስፖርት ታሪክ ውስጥ በጣም ከታወቁት አንዱ ነው። ኮብ ጥርሱን ነክሷል፤ አፈሩ እንደ ጭስ ተነሥቷል፤ ቤዙን ይጠብቅ የነበረው ጂሚ ኦስቲን ሚዛኑን ስቶ ከመሬት ተነሥቷል። ኮንሎን የኋላ ኋላ እንደተናገረው፣ በዚያች ቅጽበት ያሰበው ወዳጁ ኦስቲን በኮብ የጫማ ሹል እንዳይጎዳ ብቻ ስለነበር፣ ካሜራውን መጫን አለመጫኑን እንኳ አላስታወሰም። ለማንኛውም ብሎ የመስታወቱን ኔጋቲቭ ቀየረ፤ ምን እንደያዘ ያወቀው ሲያጥበው ነው።

ይህን ታሪክ በጨለማ ክፍል ያልሠራ ሰው እንደ ተረት ሊያየው ይችላል፤ እኔ ግን አምነዋለሁ። ግራፍሌክስ የሚባለው የዚያን ዘመን ካሜራ አንሺው ከላይ ወደ ታች አጎንብሶ የሚመለከትበት መስታወት ነበረው፤ መጫኛው ሲነካ ያ መስታወት ወደ ላይ ስለሚነሣ፣ ምስሉ በሚያዝባት ቅጽበት አንሺው የሚያየው ጨለማ ብቻ ነው። ኔጋቲቩ ፊልም ሳይሆን መድኃኒት የተቀባ መስታወት በመሆኑ አንድ ፎቶ በተነሣ ቁጥር መቀየር ነበረበት። ዛሬ አንድ ወጣት በአንድ ሩጫ ውስጥ መቶ ጊዜ አንሥቶ የሚሻለውን ይመርጣል። ኮንሎን የነበረው አንድ ዕድል ነው፤ ስለዚህ ጨዋታውን ራሱ እንደ ተጫዋች ማወቅ፣ ሯጩ የሚነሣበትን ጊዜ አስቀድሞ መገመት ነበረበት። ከፎቶግራፎቹ ውስጥ የኳስ ወርዋሪዎቹን ጣቶች ብቻ፣ ኳሱን እንዴት እንደጨበጡ፣ ቀርቦ ያነሣቸው አሉ፤ እጅ አይቶ ሰውን የሚያውቅ ዓይን እንደነበረው ያሳያሉ።

ከኮንሎን በፊት የነበሩትማ ሜዳ ላይ እንቅስቃሴ ለመያዝ እጅግ ይቸገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ከሲጋራ ፓኬት ጋር ይሰጡ ለነበሩት የተጫዋች ካርዶች፣ የብሩክሊኑ ጆሴፍ ሆል ተጫዋቾቹን ፎቶ ቤቱ ድረስ አስጠርቶ፣ ኳሱን በክር ከላይ አንጠልጥሎ፣ የሚቀልቡ እያስመሰለ ያነሣቸው ነበር። በአንዳንዶቹ ላይ ክሩ እስከ ዛሬ ይታያል። እኛም ፎቶ ቤት ውስጥ የተሣለ መጋረጃ ዘርግተን ሙሽሮችን ሐይቅ ዳር እንዳሉ አድርገን ስናነሣ ስለኖርን፣ ያ ክር ለእኔ የባለሙያ ብልኀት እንጂ ማታለያ ሆኖ አይታየኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በቤዝቦል ሰብሳቢዎች ዘንድ ከሁሉ የሚፈለገው ሆነስ ዋግነር የተባለው ተጫዋች ካርድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አንዱ ቅጂ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። በካርዱ ላይ ያለው ምስል የተሠራው የቦስተኑ ካርል ሆርነር ካነሣው ፎቶግራፍ ነው። የሆርነር ስም ግን በካርዱ ላይ የለም። ስሙን ያዳኑት ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ዋናውን ፎቶግራፍ ፈልገው፣ የፎቶ ቤቱን ማህተም አንብበው፣ ሥራውን ለባለቤቱ መለሱለት።

እነዚህ ሰብሳቢዎች ፎቶግራፍ ሲይዙ በቅድሚያ ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። የአንሺው ማህተም፣ የጋዜጣው ቀን፣ በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ፣ ከጋዜጣው ተቆርጦ የተለጠፈ ቁራጭ ጽሑፍ ሁሉ እዚያ ይገኛል። የመጀመሪያ ደረጃ የሚሉትም ከዋናው ኔጋቲቭ፣ ፎቶው በተነሣ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ የታተመውን ነው፤ ከዚያው ኔጋቲቭ ዘግይቶ የታተመው፣ በኋላም ከቅጂ ኔጋቲቭ የወጣው ተከታትለው ይመደባሉ። ማህተም የሌለውን ደግሞ በወረቀቱ ይመረምሩታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የፎቶ ወረቀት ላይ የሚያነጣ ኬሚካል ይጨመር ስለጀመረ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር የሚያበራ ወረቀት የኮንሎን ዘመን ኅትመት ሊሆን አይችልም። ለ27 ዓመት ወረቀት ከመድኃኒት ውስጥ ሳወጣ የኖርሁ ሰው፣ ለአንድ ወረቀት ይህን ያህል ክብር የሚሰጡ ሰዎች መኖራቸውን ሳውቅ ምን እንደተሰማኝ መግለጽ ያቅተኛል።

እኛ ዘንድ የሆነውን ደግሞ ልናገር። እሠራበት የነበረው ፎቶ ቤት ሲዘጋ የባለቤቱ ወራሾች ቦታ ስላጠበባቸው የኔጋቲቩን ሣጥኖች ከአሮጌ ጋዜጣና ከጠርሙስ ጋር ለቆራሌው ሸጧቸው። የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። በውስጣቸው የሠርግ ብቻ ሳይሆን የክለቦች ጨዋታ፣ የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ በየሠፈሩ ሜዳ የተነሡ የወጣት ቡድኖች ፎቶግራፎች ነበሩ። መርካቶ ድረስ ሄጄ ሁለት ቀን ፈልጌ ያገኘሁት አንዲት ካርቶን ብቻ ናት። ለሰዎቹ ክፉ ማሰብ አልፈልግም፤ ዋጋ እንዳለው የነገራቸው ማንም አልነበረም።

ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት ያገለገሉት አርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ አባላት ስማቸው ዛሬም ይነሣል፤ የሚገባቸውም ነው። በስታዲየሙ ሣር ላይ ተንበርክከው መንግሥቱ ወርቁን ጎል ሲያገባ ያነሡት ግን ማን ይባላሉ? ስለ ይድነቃቸው ተሰማ ስንጽፍ፣ ስለ ኢታሎ ቫሳሎ ስንተርክ፣ ፊታቸውን ያሳዩንን ሰዎች ስም ለምን እንተዋለን?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። አሮጌ ፎቶግራፍ ስታወጡ ከማተማችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ፤ የአንሺው ስም ወይም የፎቶ ቤቱ ማህተም ካለ ከሥሩ ጻፉት። ከሌለ ደግሞ «ከማኅደር» ከማለት ይልቅ «አንሺው አልታወቀም፤ የምታውቁ ንገሩን» በሉ። «ከማኅደር» የሚለው ቃል ጥያቄውን ይዘጋዋል፤ ሁለተኛው ግን አንባቢን ይጠራል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1948 የገዛው የጆርጅ ግራንታም ቤይን የዜና ፎቶ ድርጅት ስብስብ 40 ሺህ ገደማ የመስታወት ኔጋቲቮች ያሉት ሲሆን፣ ብዙ የቤዝቦል ሥራም ይዟል። በመስታወቱ ላይ በእጅ ከተጻፉት ስሞች ጥቂት የማይባሉት የተሳሳቱ ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱ ከ2008 ጀምሮ ፎቶግራፎቹን በኢንተርኔት ሲያወጣ፣ ተራ ተመልካቾች የተጫዋቹን ልብስና የሜዳውን አጥር እያስተያዩ ስምና ቀን አርመዋል። ቤተ መጻሕፍቱም እርማቱን አጣርቶ መዝገቡን አስተካክሏል። በአዲስ አበባም ያን ዘመን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ገና አሉ፤ ግን በየዓመቱ ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው።

እኔ በበኩሌ ከመርካቶ ባገኘኋት ካርቶን ውስጥ የ1954ቱን ዋንጫ የሚያሳይ አንድ ኅትመት አለኝ። ጀርባው ላይ በወይን ጠጅ ቀለም የተመታ፣ ግማሹ የተፋቀ ማህተም አለ፤ በማጉያ ስመለከተው የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት ይነበባሉ። ፈቃዳችሁ ከሆነ በመጪው ሳምንት ወደ ቢሮአችሁ ይዤው እመጣለሁ። ፊቱንና ጀርባውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እንድታትሙት እለምናለሁ፤ ማህተሙን የሚያውቅ አንባቢ ካለ በእናንተ በኩል ያግኘኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የፎቶ ቤት ሠራተኛ
ለገጣፎ