ሙሉ 50 ቆርቆሮ የዱቄት ምግብ ሳይያዝ አይጀመርም፦ ለክሮንስ ሕሙማን ልጆች የፈሳሽ ምግብ ድጋፍ ጥሪ ከጅማ

የጅማና የአካባቢዋ ተወላጆች፣ በአገር ቤትም በውጭም ያላችሁ ወገኖቻችን፤

ከጅማ ከተማ፣ ከአጋሮ፣ ከሰቃና ከዴዶ ለሚመጡ የክሮንስ በሽታ ላለባቸው ልጆች የፈሳሽ ምግብ ክምችት እያቋቋምን ነው፤ እጃችሁን ዘርጉልን።

ክሮንስ አንጀትን ያቆስላል፣ ልጅን ያከሳል፣ ቁመቱንም ይገታል። ለልጆች ከሚመረጡት የመጀመሪያ ሕክምናዎች አንዱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በውኃ ተበጥብጦ ከሚጠጣ የተመጣጠነ የዱቄት ምግብ (ፎርሙላ) በቀር ምንም አለመብላት ነው። ስቴሮይድ እንደሆነው መድኃኒት እንደ ፕሬድኒሶሎን የአንጀቱን መቆጣት ያበርዳል፤ ዕድገትን ግን አይጎዳም። የአንጀት ቲቢ ከክሮንስ ጋር በሚመሳሰልበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቲቢ ላለበት ልጅ ባለማወቅ ስቴሮይድ መስጠት አደጋ አለው።

ሕክምናው ግን ግማሽ ሲሆን አይሠራም። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ የእንግሊዝ ጥናት ፎርሙላ ብቻ ከወሰዱት ልጆች 42 በመቶው ሲሻላቸው፣ ግማሹን ከተለመደው ምግብ ካገኙት የተሻላቸው 15 በመቶው ብቻ ናቸው። ነገሩ ከአንጀት ባክቴሪያ ጋር የተሳሰረ ነው፦ ቃጫ (በእህልና በአትክልት ውስጥ ያለው የማይፈጭ ክፍል) የሌለው ፎርሙላ ሲወሰድ በቃጫ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይመናመናሉ፤ የሚገርመው፣ ጠቃሚ የሚባለው ባክቴሪያ ፌካሊባክቴሪየም ፕራውስኒትዚ ሳይቀር ልጁ እየተሻለው ይቀንሳል። ምግብ ሲመለስ ባክቴሪያዎቹ ወደ ቀድሞ ይዞታቸው ይመለሳሉ። ቡና በተፈላ ቁጥር ለልጁ አዝነን የምናቀምሰው ቆሎና ዳቦ ሳናውቀው ግማሽ ምግብ ይሆናል።

ስለዚህ የአንድ ልጅ ድርሻ መደርደሪያው ላይ ሳይሞላ አናስጀምርም። በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ፣ 1,800 ካሎሪ ያህል የሚሰጥ ባለ 400 ግራም ቆርቆሮ ለ56 ቀን 50 ይፈጃል።

መጠጣት ላቃተው በአፍንጫ የሚገባ ቁጥር 6 ወይም 8 ቱቦ፣ ትልቅ ሲሪንጅና የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ወረቀት ያስፈልጋል። በሲሪንጅ ከቱቦው የተሳበው ፈሳሽ በወረቀቱ ላይ ፒኤች 5.5 ወይም ከዚያ በታች ካላሳየ ምንም አይሰጥም፤ ቱቦው ሳንባ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከተሰጠ በኋላም በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ ካልታጠበ ፎርሙላው ደርቆ ይደፍነዋል። የተበጠበጠው ከ4 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይም፤ መብራት ስለሚጠፋ ፍሪጅ ላይ መተማመን አይቻልም። ጥቂት ጥቂት መበጥበጥ እንዲቻል ለየቤተሰቡ ዲጂታል ሚዛንና ባለ መስመር ጆግ እንሰጣለን።

በጣም የከሳ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ መጠን ቢሰጠው በደሙ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሺየምና ማግኒዚየም ወርዶ ልቡን ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ ሆስፒታል ተኝቶ በጥቂቱ ይጀምራል፣ ደሙም ይመረመራል፤ የምርመራው ወጪም ከዚሁ ድጋፍ ነው። ፎርሙላው በሽታውን ያበርዳል እንጂ ከሥሩ አይነቅልም፤ በሽታው እንዳያገረሽ አዛቲዮፕሪንን የመሰለ መድኃኒት ይከተላል።

የምንቀበለው ገንዘብና ያልተከፈተ፣ የማብቂያ ጊዜው ቢያንስ 6 ወር የቀረው ቆርቆሮ ነው። ተራ የዱቄት ወተትና ከ1 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚሰጥ ፎርሙላ አይሆንም፤ ኤፍ-100 የተባለው የሕክምና ወተትም ብረት ስለሌለውና የተሠራው ለከፋ የምግብ እጥረት ስለሆነ አይተካውም። እድሮችና የሥራ ባልደረቦች ተሰባስባችሁ የአንድ ልጅ 50 ቆርቆሮ ብትይዙ እንመርጣለን። ስትገዙ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፤ የመለኪያ ማንኪያው ከምርት ምርት ስለሚለያይ፣ የተቀላቀለ ሲሆን እናቶች ሲበጠብጡ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል።