ልጅቷን ቅባት ተቀቢ አትበሏት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ነው። ሥራዬ የሴቶች ልብስ ስፌት ነው። ሰሞኑን በጤና ዓምዳችሁ ላይ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ "ጡቶቼ ሥራቸው ጠባብ ነው፣ ረዘም ብለው ወጥተዋል፣ አንዱ ካንዱም ይለያል፤ ምን ይሻለኛል?" ብላ ጠይቃችሁ ነበር። እናንተም "አትጨነቂ፣ ስትወልጂ ይስተካከላል፤ እስከዚያው ማሸት ይረዳል" አላችኋት። ከሥሩ ደግሞ የጡት ማሳደጊያ ቅባት ማስታወቂያ አለ። ሳነበው ንድድ አልኩ። እኔም እንደ እሷው ነኝ። ወልጄም አልተስተካከለም።

ነገሩ በሕክምና የታወቀ ነው። ሐኪሞች ቱቡላር ብሬስት ይሉታል፤ ቱቦ መሰል ጡት። ስንወለድ አብሮን የሚመጣ ነው፤ ግን ጡት እስኪያጎጠጉጥ ድረስ አይታወቅም። ጡቱ ደረት ላይ የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ነው። ከቆዳው ሥር ዙሪያውን የሚያስረው ጠንካራ ነገር ስላለ ወደ ጎንና ወደ ታች መስፋት አይችልም። ስለዚህ ወደ ፊት ይወጣል፤ በጫፉ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ክብ እየገፋ። ክቡ ሰፋና አበጥ ይላል። ከጡቱ ሥር ያለው እጥፋት ከቦታው ከፍ ይላል። በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተትም ይሰፋል። በሁሉም ላይ ግን እኩል አይደለም። አንዳንዷ ላይ ከታች በውስጥ በኩል ብቻ ይጎድላል፤ ሌላዋ ላይ ዙሪያውን በሙሉ።

እኔ ይህን ከሐኪም በፊት በሜትር ነው ያወቅኩት። ሁለት ሴቶች ደረታቸው ሲለካ እኩል ይመጣል። ቀሚሱ ግን አንዷ ላይ ልክክ ይላል፣ ሌላዋ ላይ ከጡቷ ሥር ባዶውን ይንጠለጠላል። ለእንዲህ ዓይነቷ ደንበኛ ስፌቱን ከፍ አደርገዋለሁ፤ ገበሩ ውስጥም ለግራና ለቀኝ ውፍረቱ የሚለያይ ስፖንጅ እጨምራለሁ። ከእኔና ከእሷ ሌላ ማንም አያውቅም።

ደብረ ብርሃን ደግሞ ለዚህ ነገር ትመቻለች። በዚህ ብርድ ሹራብና ጋቢ ስለሚደረብ የማንም ቅርጽ አይታወቅም። ጉዱ ሸዋሮቢት ሲወረድ ነው። ከዚያ የምትመጣ አንዲት ደንበኛዬ በዚያ ሙቀት ሹራቧን ሳታወልቅ ነው ያደገችው። እናቷ ለጠየቃቸው ሁሉ "ልጄ ብርድ አትችልም" ይላሉ። ሸዋሮቢት ላይ!

ሰፈር ውስጥ የሚባለውም አያልቅም። ቡዳ ነው፣ በሆዷ ተኝታ ነው፣ የፈረንጅ ዶሮ በልታ ነው። ሪስና አስተን የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ይህን ዓይነት ጡት በሕክምና መጽሔት የገለጹት በፈረንጆቹ 1976 ነው። ያኔ የእኛ ሰፈር ሰው የፈረንጅ ዶሮ ከየት አምጥቶ ነው? ካንሰርም አይደለም። ኖሮ የማያውቅ እብጠት፣ ድንገት ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ ወይም ደም ያለው ፈሳሽ ካለ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቶሎ መታየት ያስፈልጋል።

እኔን ከቅርጹ ይልቅ ያንገበገበኝ ወተቱ ነው። ነፍሰ ጡር ሆኜ ጡቴ እምብዛም አልጨመረም። ከወለድኩ በኋላም እንደ ሌላው ሰው አልተወጠረም። አማቴ አብሹን፣ አጥሚቱን፣ ገንፎውን ያልሠሩልኝ የለም። ልጁ ግን ሲያለቅስ ያድራል፤ ኪሎውም አይጨምርም። የታየሁበት ጤና ጣቢያ ያለችው ባለሙያ "በደንብ ስለማታጠቢ ነው" አለችኝ። ጡቴን አይታዋለች እኮ! በእንዲህ ዓይነት ጡት ውስጥ ወተት የሚሠራው ክፍል ሊያንስ እንደሚችል የነገረኝ አልነበረም። ሁሉም እንዲህ ይሆናሉ ማለት አይደለም፤ ጠግቦ እስኪተኛ የሚያጠቡም አሉ። ቢሆንም ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ልጄ ኪሎ ሳይቀንስ፣ እኔም ማጥባቴን ሳልተው፣ ተጨማሪ ወተት ይጀመርለት ነበር።

ስለ ቀዶ ሕክምናው የማውቀው አዲስ አበባ ካነጋገርኳቸው የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ነው። ከእኛ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱም ቅርብ ተብሎ። በመንግሥት በኩል የካቲት 12ና አለርት ሆስፒታሎች ፕላስቲክ ሰርጀሪ ይሠራሉ። ቃጠሎና አደጋ ስለሚበዛባቸው ግን የእኔ ዓይነቷ ወረፋው መጨረሻ ላይ ብትሆን አይገርመኝም።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሳሉ አስረዱኝ። ጨርቅ ቆራጭ ስለሆንኩ ቶሎ ገባኝ። ትልቁ ሥራ የታሰረውን መፍታት ነው። በጥቁሩ ክብ ዙሪያ ይቀደዳል፤ የሰፋው ክብም በዚያው ይጠብባል። ከዚያ ውስጡ ከታች በኩል እየተተለተለ ይላቀቃል፣ እንዲዘረጋ። እጥፋቱ ወደ ቦታው ይወርዳል። የጎደለው የሚሞላው ከዚህ በኋላ ነው፤ በሲሊኮን ወይም ከሆድና ከጭን በተቀዳ የራስ ስብ። ስቡ ከፊሉ በሰውነት ስለሚመጠጥ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። በጣም የጠበበው ደግሞ በአንድ ጊዜ ላያልቅ ይችላል፤ መጀመሪያ ቆዳውን ቀስ በቀስ የሚወጥር ፊኛ ገብቶ ሲሊኮኑ በኋላ ይተካል።

ሳይፈታ ሲሊኮን ብቻ ቢጨመርስ? ብዬ ጠየቅኩ። የድሮው እጥፋት እንደታሰረ ይቀራል፣ ሲሊኮኑ ከሥሩ ይወጣል፤ አንድ ጡት ላይ ሁለት ጉብታ አሉኝ። የጠበበ ገበር ሳይፈታ ላዩ ብቻ የሰፋ ቀሚስ ታየኝ። ስለዚህ "ጡት እናሳምራለን" የሚል ማስታወቂያ ያየች ሴት፣ ገንዘብ ከመክፈሏ በፊት ትጠይቅ፦ እንዲህ ዓይነት ጡት ሠርተው ያውቃሉ? የታሰረውን እንዴት ነው የሚፈቱት? የሠሩትን በፎቶ ያሳዩኝ።

ጉዳቱንም አልደበቁኝም። ጠባሳ አለው። የጫፉ ስሜት ሊቀንስ፣ የወተቱ መንገድም ሊነካ ይችላል። በሲሊኮኑ ዙሪያ የሚሠራው ሽፋን ጠንክሮ ሊጨብጠው ይችላል። ሲሊኮን የዕድሜ ልክ ዕቃም አይደለም፤ ክትትል ይፈልጋል። መንዝ መሐል ሜዳ ያለችዋ ሴት ለክትትሉ ስንቴ እንደምትመላለስ አስቡት። ዋጋውን አልጽፍም። ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ከ2016 ሐምሌ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይስቅብኛል።

የ14 ዓመት ልጇን ይዛ ልትሮጥ የተነሣች እናት ካለች ትረጋጋ። ጡት እድገቱን ሳይጨርስ ባይነካ ይመረጣል፤ እስከ 18 ዓመት ገደማ ይጠበቅ ይላሉ። እስከዚያው በደንብ የተሰፋ ልብስ አለ። ወደ እኔ ላኳት።

እኔ ራሴ እስካሁን አልተሠራሁም። ባለቤቴ "ለማን ብለሽ?" ይለኛል። ደግነቱ ነው፤ ግን ምርጫው የኔ ነው። ሁለተኛ ልጅ ስለምፈልግ ያለችኝን ትንሽ ወተት ምላጭ እንዲነካብኝ አልፈልግም። ከዚያ በኋላ አያለሁ። የሸዋሮቢቷ ደንበኛዬ ግን ልትሠራ ቆርጣለች፤ ገንዘብ እያጠራቀመች ነው። ልክ ናት። ሹራብ ለብሶ ስንት ዓመት ይኖራል?

አሁን የምጠይቃችሁ፣ ለዚያች ልጅ መልሱን አስተካክላችሁ እንድትጽፉላት ነው። ማሸትም ሆነ ቅባት የታሰረውን አይፈታም፤ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም አነጋግሩና የሚሉትን አውጡላት። የቅባቱን ማስታወቂያም ከጤና ዓምዱ ሥር አንሱት። ስሜን አታትሙት። የኔን ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ግን ሰፈሩ ደንበኞቼን አንድ በአንድ መገመት ይጀምራል።

አንዲት ልብስ ሰፊ
ከደብረ ብርሃን