ጉልቻው ሲቀየር፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ዓመት

የትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሐምሌ ላይ ችግኝ ይዞ ፎቶ መነሳት ነው። እኛም ለዓመታት ያንኑ ስናደርግ ኖረናል። ችግኙን እንተክላለን፣ ሪፖርቱን እንጽፋለን፣ ክረምቱ ሲወጣ የሰፈሩ በጎች ይጨርሱታል። ዘንድሮ ሥራውን ከማድቤት ጀመርነው።

ጥቅምት ላይ አባላቱ ሦስት ጥያቄ ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ። ቤታችሁ ምን ይነዳል? ማን ያመጣዋል? ባይነድ ኖሮ ምን ላይ ይውል ነበር? ደጋውን ለሚያውቅ ሰው መልሱ አዲስ አይደለም። እዚህ ሰሜን ሸዋ ባሕር ዛፍ ያለው ባሕር ዛፍ ያነዳል፣ የሌለው ኩበት ያነዳል፣ የተረፈውን ደግሞ ደብረ ብርሃን ወስዶ ይሸጣል። የሚለቅሙት፣ የሚጠፈጥፉትና የሚሸከሙት እናቶችና ልጆች ናቸው (ጠዋት ከሚያረፍዱት ተማሪዎቻችን ከፊሎቹ ለምን እንደሚያረፍዱ ያወቅነው ያኔ ነው፣ የበር ጠባቂው ይህችን መስመር ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል)። ክርክሩ የተነሳው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። አንዱ የ10ኛ ክፍል ልጅ "እበቱ ማሳ ላይ ቢቀር ይሄን ሁሉ ማዳበሪያ ባልገዛን" ሲል አንዷ ቀበል አድርጋ "እንጀራውንስ በምን ልትጋግረው ነው?" አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ግን ልክ ነበረች።

ስለዚህ ከእንጀራው ጀመርን። የመረጥነው "ምርጥ" የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ነው፣ በ1980ዎቹ እዚሁ አገር የተሠራ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ፣ በሞልድ (በቅርጽ ማውጫ) እየተመታ ይወጣል። አራቱ ክፍል ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፈዋል፣ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ ሆነው ጭሱን ያወጣሉ፣ እዚያው ላይ ድስትም ይጣዳል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም የሚለውን ተረት የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ተራ በተራ ነግሮናል፣ እኛም ወጡን ሳይሆን እንጨቱን ነው የምናየው እያልን አልፈናል። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ከሞልድ የወጣው ወዲያው ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ ተሸፍኖ ለቀናት ውሃ እየጠጣ መሰንበት አለበት። ውሃ የማጠጣቱን ተራ ለ9ኛ ክፍሎች ሰጠናቸው፣ ቅዳሜና እሑድ እንኳ አንድም ቀን አልቀሩም።

አሁን ወደ ገበያው ልምጣ፣ ዘንድሮ ብዙ የተማርነው እዚያ ነውና። ልጆቹ የሠሩትን ምድጃ ለመሸጥ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ገጠሩ ቤት ነበር። ሁሉም አደነቀ፣ ሁሉም መረቀ፣ የገዛ ግን ጥቂት ነው። ሰው አልገባውም ብለን ማስረዳቱን አበዛነው፣ ለውጥ የለም። ኋላ አንዲት እማማ ነገሩን ቁልጭ አድርገው ነገሩን፦ "ልጄ፣ እንጨቱን እኮ በብር አልገዛውም።" በቃ። ገጠር ቤት ውስጥ ማገዶ የሚከፈለው በእናትየዋ ወገብ ነው፣ ምድጃው ግን ብር ይጠይቃል፣ ብሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው አባወራው ኪስ ነው። ስለዚህ ፊታችንን አዞርን። ከተማ ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴቶች እንጨቱን ሸክም በሸክም በጥሬ ብር ይገዛሉ። እነሱን ማስረዳት አላስፈለገም። አንዷ ሞከረችው፣ በሳምንቱ ከጎረቤቶቿ ጋር ተመልሳ መጣች። አረቄ የሚያወጡት ደግሞ "ለእኛስ?" አሉን። የአረቄ እንስራ ምጣድ አይደለም፣ ምድጃው አይገጥምለትም፣ ስለዚህ እነሱን ገና አልደረስንባቸውም። የአካባቢያችንን እንጨት ማን እንደሚጨርሰው የሚያውቅ ሰው ግን ጥያቄው ቀላል እንዳልሆነ ይረዳል።

የገጠሮቹን እናቶች መልሶ ያመጣልን እቁብ ነው። ሐሳቡ የእኛ አይደለም፣ የራሳቸው ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጥላሉ፣ ዕጣ የወጣላት ምድጃ ትወስዳለች። በፕሮጀክት ጽሑፍ "የፋይናንስ አቅርቦት" የሚባለውን ነገር እነሱ ቡና ላይ ተቀምጠው ጨረሱት።

ታኅሣሥ ላይ ባዮጋዝ፣ ማለትም ከእበት የሚወጣ የማብሰያ ጋዝ፣ ያለው ገበሬ ቤት ሄደን አየን። አገር አቀፉ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራው ዓይነት ነው፣ ስንዱ ይሉታል፣ ንድፉ ከኔፓል መጥቶ ለእኛ አገር የተስተካከለ። እበቱና ውሃው እኩል ለእኩል ተበጥብጦ ይገባል፣ ጋዙ በቧንቧ ወደ ማድቤት ይሄዳል፣ የሚወጣው ቅሪት ደግሞ ማሳ ላይ ይፈሳል። የጥቅምቱን ክርክር የጀመረው ልጅ ቅሪቱን ሲያይ ዞር ብሎ ልጅቷን አያት። እበቱ ነድዶም ማሳ ገባ ማለት ነው! እሷም አልተሸነፈችም፣ "ምጣዱስ የታለ?" አለች። እውነቷን ነው፣ የዚያ ቤት ጋዝ ወጥና ቡና ያፈላል እንጂ እንጀራ አይጋግርም። ሌላም ጣጣ አለ። ቢያንስ አራት ከብት ይፈልጋል፣ ውሃ ቅርብ መሆን አለበት፣ ውርጭ ሲመጣ ደግሞ ጋዙን የሚያመነጩት ባክቴሪያዎች ይሰንፋሉ። ባለቤቱ በበጋው ብርድ ጋዙ እንደሚቀንስባቸው ሳይደብቁ ነገሩን። እኔ እንዲህ ያለ አስጎብኚ ነው የምወደው።

ህዳሴ ግድብ ከየካቲት 2014 ጀምሮ እያመነጨ ምድጃ ምን ይሠራል ያለም አልጠፋም። ይህን ለፊዚክስ መምህሩ አስተላለፍነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል። ብዙ ቤት ጣሪያ ላይ ያለችው የሶላር ፓኔል 10 ዋት ገደማ ናት። ልጆቹ አካፈሉት፣ ከ300 በላይ ፓኔል። ሶላሯ ለጥናትና ለስልክ ቻርጅ ትሁን፣ መስመሩ እስኪደርስ ምጣዱ እንጨቱን ይዞ ይቆያል።

የዓመቱ ትልቁ ጉዞ ማኅበረሰቡ ራሱ ወደሚጠብቀው ሣራማ ደጋ፣ ወደ መንዝ ጓሳ ነበር። ጭላዳውን ሁሉም አየ፣ ቀይ ቀበሮ ያየነው ግን ጥቂቶች ነን፣ ያላዩት እስካሁን አያምኑንም። ጓሳን የጠበቀው አጥር አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበረው። አባ ቄራ በሚባል አለቃ እየተመራ ሣሩ ለ3፣ ለ4፣ ሲያስፈልግም ለ5 ዓመት ይዘጋል፣ ከዚያ ይከፈትና ሁሉም ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ፣ ለገሳው ያጭዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ኋላ ማኅበረሰቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጠለ። ልጆቹ የያዙት ነገር መዘጋቱን ብቻ ሳይሆን መከፈቱንም ነው። እኛ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ተዳፋት ስንከልል ሰዉ የተጣላን የምንከፍትበትን ቀን ስላልነገርነው ነው ብለው ተከራከሩኝ። ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ተነጋገርንና ሣሩ በዕጣ እየታጨደ ከብት ላላቸው ቤቶች እንዲሰጥ ተስማማን። ከዚያ ወዲህ በግ ሲገባ የሚያባርሩት ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ናቸው። ጽዱና ወይራው ቆሟል። በእርከኑ ጫፍ የተከልነው ጌሾ ደግሞ ከወዲሁ ጠላ ጠማቂዎቹ አይናቸውን ጥለውበታል።

ከምድጃው የተገኘው ትርፍ በትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ በኩል በደረሰኝ ገብቷል። በአብዛኛው ሁለተኛ ሞልድ ተገዝቶበታል፣ የቀረው ለሲሚንቶ ተይዟል። አንደኛውን ሞልድ የዘንድሮ 12ኛ ክፍል አባላት በማኅበር ተደራጅተው እስኪቋቋሙ በውሰት ወስደውታል። ውሉን ራሳቸው ጻፉት፣ ሁለት ገጽ ነው፣ ከእኔ የሥራ ውል ይረዝማል።

የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። ለአረቄ እንስራ የሚሆን ምድጃ መሞከር የሚፈልግ ቢኖር ቅድሚያ እንሰጠዋለን። ሲሚንቶ ልብስ ላይ ከደረቀ ስለማይለቅ አሮጌ ዩኒፎርማችሁን እንዳትጥሉት።