ምዕራፉን ጨረስኩት

እህቴ፣

«እንደምን አለሽ» ብዬ መጀመር ከበደኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ዛሬ ድንገት ተነስቼ ደህንነትሽን ስጠይቅ ምን ትዪኝ ይሆን? ግን ሌላ መጀመሪያ አጣሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ደጃፋችን ላይ አቁሜ የተናገርኩሽን እዚህ አልደግመውም። አንቺም አልረሳሽው፣ እኔም አልረሳሁት። ለአባዬ ቀብር መጥተሽ ከኋላ ቆመሽ እንደነበርም አይቻለሁ። አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

የምጽፍልሽ በእማዬ ምክንያት ነው። ጨንቆኛል።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ውሃ ልጠጣ ብነሳ ድምፅዋን ሰማሁ። የምትጸልይ መስሎኝ ልመለስ ስል «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። ገብቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ እንቢ አለችኝ። ኋላ ግን ሁሉንም ዘረገፈችው። አባዬ ከማረፉ ሦስት ቀን በፊት፣ ተኝቶ ሳለ እጁን ይዛ «ይሄ ሰው ሊሞትብኝ ነው» ብላ አሰበች። በቃ፣ ይኸው ነው። አንዲት ሐሳብ። አባዬ ሲያርፍ ያ «አይሞትም» ብሎ የተነበየልን ሰው ሲደወልለት «ከቤታችሁ የተጠራጠረ አለ» አለ። እማዬ ያንን ቃል ሁለት ዓመት ብቻዋን ተሸከመችው። የጌታ እራት ሲቀርብ ቀስ ብላ ተነስታ የምትወጣው ለካ ለዚህ ነው። እኔ ጉልበቷን እያመማት ይመስለኝ ነበር።

ምን ልበላት? «እግዚአብሔር ይቅር ይልሻል» አልኳት። ብዬ ሳልጨርስ ስህተቴ ገባኝ። ይቅር የሚባል ምን አደረገች? ባሏ ሲደክም ማየቷ ነው? ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አንቺም ትዝ አልሽኝ። ያ ጫፉ የተበላ እርሳስሽ፣ በየገጹ ጠርዝ ላይ የምትጭሪው የማይነበብ ጽሑፍ። ለመሆኑ እጅ ጽሑፍሽ እስካሁን አልተሻሻለም? አንድ ሰው አንዲት ጥቅስ መዝዞ በተናገረ ቁጥር «ምዕራፉን ጨርሱት» ትዪ ነበር። ስንቱን አናደድሽ! ለአባዬ የተሰጠው ቃል ኤርምያስ 29፥11 ነበር፤ የሰላም አሳብ፣ ፍጻሜና ተስፋ። በትልልቅ ፊደል ጽፈን ከአልጋው በላይ ለጠፍነው። አንቺ አነበብሽውና በቀስታ ያንኑ ቃልሽን አልሽ። እኔ ደግሞ «አንቺ እምነት የለሽም» አልኩሽ። ከዚያ የሆነው ሆነ።

ያን ሌሊት ጨረስኩት። ከ27 ጀምሬ 29ን ጨረስኩ።

ለካ ደብዳቤ ነው! ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የጻፈው ደብዳቤ። ቁጥር 10 ላይ 70 ዓመት ይላል። ሰባ ዓመት። ደብዳቤው ሲነበብ የሰማ ሽማግሌ ኢየሩሳሌምን ዳግመኛ አያያትም ማለት ነው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆች ውለዱ ይላቸዋል። ቁጥር 8 ላይ ደግሞ በመካከላችሁ ያሉ ነቢያት አያታልሏችሁ ይላል። ያ የሰላም አሳብ እዚያው በባዕድ አገር ለሚቀበሩትም ነበር። እኛ ግን 11ን ቆርጠን ወስደን «አባዬ አይሞትም» የሚል ጽሑፍ አደረግነው።

ምዕራፍ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ የቤተ መቅደሱ ዕቃም ምርኮኞቹም ይመለሳሉ አለ። ኤርምያስ የባቢሎን አገዛዝ ምልክት አድርጎ የተሸከመውን ቀንበር ከአንገቱ አውልቆ ሰበረው። ሕዝቡ እንዴት ደስ ብሎት ይሆን! እኔ እዚያ ብኖር ሐናንያን ነበር የማምነው። በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ። ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ኤርምያስ ያንን ትንቢት ሲሰማ መጀመሪያ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ነው ያለው። እሱም እንዲሆን ይመኝ ነበር! እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ አለቀስኩ። አንቺም እኮ አባዬ እንዲድን ከኛ ባላነሰ ትፈልጊ ነበር። ጾመሽለታል። እኔ ግን መዳኑን የማትፈልጊ አስመስዬ አባረርኩሽ።

ዘዳግም 18ንም አየሁት። ነቢይ በእግዚአብሔር ስም ተናግሮ ነገሩ ካልሆነ፣ በድፍረት ነው የተናገረው፤ አትፍራው ይላል። ተጠያቂው ተናጋሪው ነው። ከቤት ውስጥ የተጠራጠረ ፈልጉ የሚል የለበትም። እማዬ ይህችን ብቻ ብትቀበልልኝ ሌላ አልፈልግም ነበር።

ገንዘቡን ተዪው። ለዚያ ለተነበየልን ሰው «ዘር» ተብሎ የሄደው ሄዷል። ነቢዩ ኤልሳዕ ከለምጹ የተፈወሰውን የንዕማንን ስጦታ እንቢ ማለቱን፣ ሎሌው ግያዝ ግን ሮጦ ተከትሎ መቀበሉን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። ቢሆንም እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ አይደለም።

ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ።

አባዬ ያውቅ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ሁለት ጊዜ «ልጄ፣ እኔ ስሄድ…» ብሎ ጀመረ። ሁለቱንም ጊዜ አፉን ያዝኩት። እውነቴን ነው፣ በእጄ። «አባዬ፣ ሞትን አታንሳ» አልኩት። እንዲያ ነበር የተነገረን፤ ሞትን በአፍ መጥራት አለማመን ነው ተብለናል። በሁለተኛው ፈገግ አለና ዝም አለ። ምን ሊለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። እንግዲህ ይኸው ነው… አላውቅም።

አሁን ሳስበው ከሁላችን ያመነው እሱ ነበር። እኛ የተደገፍነው በተነገረን ቀን ላይ ነው። እሱ እየሄደ መሆኑን እያወቀ ክርስቶስን ይዞ ጸጥ አለ። እማዬ ግን ዛሬም እምነት በሚዛን የሚለካ ይመስላታል፤ የሷ ስለቀለለ አባዬ የሞተ። ጳውሎስ የአገልግሎት ባልደረባውን ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ከተማ ተወው። ራሱም የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። ማን ነው ጳውሎስን እምነት ጎደለህ የሚለው? ማርቆስ 9 ላይ ያለው አባትስ? «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ጥርጣሬውን አልደበቀም፤ ጌታም ልጁን ፈወሰለት። ኤፌሶን 2 መዳን በጸጋ ነው፣ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ካለ፣ የአንድ ምሽት ፍርሃት እማዬን ከጌታ ማዕድ እንዴት ያስወጣታል?

ይህን ሁሉ ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ? «አንቺ እኮ ያኔም እንዲህ እርግጠኛ ነበርሽ።»

መልስ አጣሁ። ልክ ናት። ያኔ ጥቅስ እየጠቀስኩ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ሌላ ጥቅስ ይዤ ብመጣ በምን ትመነኝ? አንቺን ግን ታምንሻለች። በዚያ ሰሞን ፈርታ እንደነበር ያየሽላት፣ እጇን ይዘሽ «መፍራት ኃጢአት አይደለም» ያልሻት አንቺ ብቻ ነሽ። ያንን ደግማ ደጋግማ ታነሳዋለች። ማን እንዳላት ግን ስምሽን አትጠራም፤ እኔን ፈርታ ይመስለኛል።

የራሴንም ልጨምር። አሁን አሁን አንድ ሰው «ጌታ እንዲህ ይላል» ሲል ስሰማ ተነስቼ መውጣት ያምረኛል። ትንቢትን አትናቁ፣ ሁሉን ፈትኑ፣ ይላል 1ኛ ተሰሎንቄ 5። ያኔ መፈተኑን ጣልኩ፤ አሁን ወደ መናቁ እየሄድኩ ነው። አንቺ ሁለቱንም እንዴት ይዘሽ ቆየሽ? ብቻ እሱ ይቆየን። የእማዬ ይብሳል።

ትመጪልኛለሽ? ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነን። ካልቻልሽ፣ ወይም ካልፈለግሽ፣ እረዳለሁ። ግን ብትመጪ በሩን የምከፍትልሽ እኔ ነኝ። ለእማዬ ምንም ማለት የለብሽም። አብረሻት ቁጭ በይ።

ሌላም አለ። ካባረርኩሽ በኋላ አባዬ «ያቺ ልጅ ምነው ቀረች?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። «ሥራ በዝቶባት ነው» እለው ነበር። ዋሸሁት።

ያ የለጠፍነው ወረቀት እስካሁን ከአልጋው በላይ አለ። እማዬ እንዲነሳ አትፈልግም። ከላዩ ባዶ ቦታ አለው፤ ቁጥር 10 ይበቃዋል። እርሳስሽን ይዘሽ ነይ።

እህትሽ